አያንቱን ድንጋይ አሏት

ለባለቤቴ ለአስካለ፣ ለሀዻ ወራዬ፣ ለቤቴ እናት፤

ከተለየሽኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ነሽ እንዳልል ካለሽበት መልስ ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ ደህና አይደለሁም። በሽታ አይደለም። ጉልበቴ ያው እንደምታውቂው ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል። ያመመኝ ንዴት ነው። በዚህ ቤት ንዴቴን እስከ መጨረሻው የምትሰሚኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ሌላው ገና አፌን ስከፍት "ጀመረው ደግሞ" ብሎ ይነሳል። አንቺ ግን ጥጥሽን እየፈተልሽ ታዳምጪኝና ስጨርስ "በል አሁን ውሃ ጠጣ" ትይኝ ነበር። ስለዚህ ለአንቺው ልጻፈው።

የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ልጃችን ተሾመ ገና ሳንጣላ "አባዬ፣ አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ሰው ለሚስቱ የሚጽፈውን ልጁ አይጽፍለትም። አሁን ደግሞ ግማሹ ቁጣ በእሱ ላይ ስለሆነ እንኳንም እምቢ አልኩት። ፊደሎቹ እንደ እርጥብ ሳሙና ከእጄ ያመልጣሉ፤ አንድ መስመር ጽፌ ተመልሼ ሳየው ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቀኛል። ይሁን። አንቺ አነጋገሬን ታውቂዋለሽ፣ የጎደለውን ትሞይዋለሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፤ አሁን ደጃፍ ላይ ስቆም እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። አንቺ ስንት ዓመት ብርሃን ጋረደብኝ ስትይ ኖረሽ አንቺ ስትሄጂ ተቆረጠ። የማርያም ማኅበርሽ ሴቶች ተራሽን ለሌላ አልሰጡም። በስምሽ እኔ ነኝ የምደግሰው፤ ጠላው ቀጠነ ብለው ያሙኛል፣ ግን ሳይጠጡ የሄዱበት ቀን የለም። ድንጋይ የምጭንባት አህያ አረጀች። እኔም አረጀሁ። ሁለታችንም ግን ሥራ አላቆምንም።

ጉዳዬ ወዲህ ነው። ጉዳዬ አያንቱ ናት፣ የተሾመ የመጀመሪያ ልጅ፣ አንቺ በጀርባሽ ያሳደግሻት።

አያንቱ አፏን የፈታችው ዘግይታ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኩዮቿ ሰው መሳደብ ሲጀምሩ እሷ ገና በጣቷ ትጠቁም ነበር። ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ምላሷ ታስሯል ይቆረጥላት አለች። አንዷ ዓይን በልቷታል አለች። አንዱ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራውም፣ "ምን ታድርግ፣ ፈይሳ በኦሮምኛ ይጮህባታል፣ አስካለ በአማርኛ ታባብላታለች፤ በየትኛው ትናገር?" አለ። በኋላ በሁለቱም ተናገረች። ግን የነገር ስም ይጠፋባት ነበር። ማንኪያ አምጪ ስትያት ሮጣ ታመጣለች፤ ይህ ማን ይባላል ስትያት "ያ፣ ወጥ የሚያወጣው" ትላለች። ቁልፍ "በሩን የሚያሳምነው" ነበር። እኔ እስቅ ነበር። አንቺ አትስቂም ነበር። ለምን እንደማትስቂ ያን ጊዜ አልጠየቅሁሽም።

ከዚያ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተና አስገባሻት። አምስት ዓመቷ ነበር። አስተማሪዋ ጸዳለ፣ ያቺ ቀጭን፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ የሚመስለው ልጅ፣ አንድ ቀን አስጠራችሽ። እኔም ድንጋይ አራግፌ ስመለስ መንገድ ላይ ስላገኘሁሽ ተከትዬሽ ሄድኩ። ልጆቹን በክብ አስቀምጣ ቃል በጭብጨባ ታስቆርጣቸዋለች። ሁሉቃ ስትላቸው ልጆቹ ሁ፣ ሉ፣ ቃ እያሉ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ። አያንቱ ግን ሠርግ ቤት እንደገባች ሰው ዝም ብላ ታጨበጭባለች። ቀጥላ "በሬ፣ ፍሬ፣ ጤፍ፤ ከነዚህ በድምፁ የማይገጥመው የቱ ነው?" አለቻቸው። ሁሉም ጤፍ አሉ። አያንቱ ብቻ በሬ አለች። ለምን ስትባል "በሬ ዘር አይደለማ፤ እሱ አውድማ ላይ የሚረግጣቸው ነው" አለች። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ "ትክክል ናት" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። አንቺ በክርንሽ ጎሸምሽኝ።

ጸዳለ ግን አልሳቀችም። ልጆቹን ወደ ደጅ አስወጥታ አስቀመጠችን። "እማማ፣ ይቺ ልጅ ብልህ ናት" አለችሽ። "የቃሉን ፍቺ ከሁሉም ቀድማ ትይዛለች። ድምፁን ግን መነጣጠል አልቻለችም። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ቃሉ ግን እንዳለ ነው የሚገባላት፣ ቁርጥራጩ አይታያትም። በኦሮምኛም ሞክሬያታለሁ፣ ያው ነው፤ የቋንቋ ነገር አይደለም። አፏን ዘግይታ መፍታቷ፣ ስም መርሳቷ፣ ይሄም ሲጨመር፣ ፊደል ላይ ስትደርስ ትቸገራለች ብዬ እፈራለሁ። ከአሁኑ በጨዋታ መልክ ካልያዝናት ኋላ ሰነፍ ይሏታል።" ከዚያ "በቤተሰባችሁ ፊደል አልገባ ያለው ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።

አንቺ ዞረሽ አየሽኝ ብቻ።

እስከ ቤት ድረስ ቀድሜሽ ሄድኩ። ለምን እንደተናደድኩ ታውቂያለሽ። እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። በዚህ ከተማ ያለ መቃብር ግማሹ የእጄ ሥራ ነው። ቄሱ በጠመኔ ይጽፉልኛል፣ እኔ በመሮ እከተላቸዋለሁ፤ አንዲት ፊደል ስቼ አላውቅም። ከተማውም ፈይሳ ማንበብ ይችላል ብሎ ደመደመ። እኔ አነባለሁ ብዬ አላውቅም፤ ታነባለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ነው ጉዱ የወጣው። አንቺ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ዝናቡ ሳያባራ ማንበብ ጀመርሽ። እኔ ከኋላ ሆኜ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ከሰው ጋር እላለሁ፤ ብቻዬን ተነሥቼ አንብብ ስባል ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ያ ጢም ያላበቀለ ዘማች "አባት፣ ልብዎን ቢሰበስቡ ይገባዎታል" አለኝ። ልቤ የት ሄዶ ነው የምሰበስበው? ከሁሉም ፊት ነበር ልቤ። በሦስተኛው ዙር ነው አንቺ ቤት ውስጥ እያንዳንዷን ፊደል እያስጠናሽኝ፣ እኔም ድንጋይ ላይ እየቆፈርኳት፣ እንደ ምንም የተወጣሁት።

እንግዲህ ጸዳለ የጠየቀችው ያንን ነበር። ዛሬ ሳስበው ሴትየዋ ልክ ጠይቃለች። ያን ቀን ግን እግዜር ይይላት ብዬ ነው የገባሁት።

አንቺ ለተሾመ ነገርሽው። ልጃችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ጠረጴዛ አለው። "እማዬ፣ የሕፃናት ሞግዚት ነቢይ ሆነች እንዴ?" አለሽ። "ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ታነባለች።" አንቺን ጸጥ ለማሰኘት ብሎ ክረምቱን ቄስ ትምህርት ቤት ላካት። እዚያ የሆነውን ታስታውሻለሽ። ፊደሉን በዜማ ያዘችው። ገበታውን ይዛ፣ ስንጥሯን እያንቀሳቀሰች፣ ከሀ እስከ ፐ እንደ ውሃ ወረደችው። ተሾመ በግ አረደ። ዘመድ ተጠራ፣ ልጅቱ በርጩማ ላይ ቆመች፣ ዜማውን ለቀቀችው፣ እልል ተባለ። ክርስትና እናቷ ሊቅ ልታደርጋት ምንም አልቀራት።

እንግዳው ሲሄድ አንቺ ስንጥሩን አነሳሽና መሐል ላይ፣ ነ ላይ አድርገሽ "ይቺስ ማን ናት?" አልሻት። አያንቱ ከሀ ጀመረች። እየዘመረች፣ እየዘመረች ነ ላይ ደረሰች፤ ሳታያት አልፋት ሄደች። አንቺ ስንጥሩን አስቀመጥሽና ለተሾመ "ልጅህ ዜማ ተምራለች፣ ፊደሉን ግን ገና አላየችውም" አልሽው። እሱም "እማዬ፣ አንቺ ደስታ አይሆንልሽም" አለሽ። ለእናቱ እንዲህ አለ። አፉን ልለው ስነሳ እጄን ያዝሽኝ። ዛሬ ማን ይያዘኝ?

ከዚያ በኋላ ራስሽ ጸዳለን እየጠየቅሽ ልጅቷን ያዝሻት። ጎመን ስትቀነጥሱ ጎ፣ መን እያላችሁ ታጨበጭባላችሁ። "በ ብሎ የሚጀምር አምጪልኝ" ስትያት በርበሬም በርጩማም ጎትታ ትመጣለች። አንዳንዴ ድስት ይዛ ትመጣለች፣ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። መያዝ ጀምራ ነበር። እኔ አይቻለሁ። ሳትጨርሺላት ሳንባሽ ያዘሽና ሄድሽ። በዚህም ተናድጃለሁ፤ ከአንቺ ምን እደብቃለሁ።

አንደኛ ክፍል ገባች። ክፍሉ ሞልቶ ልጆቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረዋል። አያንቱ የንባቡን ገጽ ጎረቤቷ ሲያነብ ሰምታ በቃሏ ትይዘዋለች። ተነሺ ስትባል ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ አንድም ሳትሳሳት ትለዋለች፤ የዓመቱን ግማሽ እንዲህ አሳለፈችው። እንደ እኔ መሆኗ ነው፤ እኔ በእጄ፣ እሷ ግን በጆሮዋ። አንድ ቀን መምህሩ ያልተነበበ ገጽ ገለጠባት። ላብ አጠመቃት። ከዚያ የድሮውን ገጽ በዚህኛው ላይ ማለት ጀመረች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም "ጭንቅላትሽ ድንጋይ ነው" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃፏ የሚያልፍ ልጅ ሁሉ "ዻጋ፣ ዻጋ" እያለ ያልፋል። በኦሮምኛም ድንጋይ ሆነች ማለት ነው። ዓመቱን ደገመች። ሁለተኛውም ዓመት ያው ሆኖ ተጀመረ። በግማሽ ዓመቱ የወላጆች ቀን ደረጃ ሲጠራ ስሟ ሁሉም ካለቁ በኋላ ነው የመጣው፤ ተሾመ ሳይጨረስ ተነሥቶ ወጣ። እኔ አልወጣሁም። አጨበጨብኩላት፣ ብቻዬን፣ ዞረው እስኪያዩኝ።

ድንጋይ ብሎ የሚሳደብ ሰው ድንጋይ አያውቅም፣ አስካለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ከድንጋይ ጋር ነው። ከጉድጓዱ ሳወጣው ገና መሮ ሳላሳርፍበት በመዶሻው ጫፍ ነካ ነካ አደርገዋለሁ። ደህናው ይደውላል። ውስጡ ጅማት ያለው ታፍኖ ነው የሚመልሰው። ታፈነ ብዬ አልጥለውም፤ በየት በኩል እንደምይዘው አውቄ ለብቻው አስቀምጬ በቀስታ እጠርበዋለሁ፣ እንዲያውም ከሌላው ያማረ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ቀድሜ ማዳመጥ አለብኝ። ሳላዳምጥ ደብድቤ ግድግዳ ላይ ካወጣሁት በኋላ ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የማን ነው? ጸዳለ ቀድማ አዳምጣ ነበር። ተናግራም ነበር። እነዚህ ግን ልጅቷ ወድቃ፣ ተስቆባት፣ ስም ወጥቶላት፣ ሌሊት አልጋ ላይ ጥርሷን ማፋጨት ስትጀምር ነው "አንድ ነገር አለባት" ያሉት። እንዴ፣ ምን ነበር ሥራቸው እስከዚያ?

ወደ መምህሩ ሄድኩ። ዱላዬን ደጅ ትቼ ነው የገባሁት፣ አትስጊ። ወጣት ነው፤ ጫማው አፉን ከፍቷል። "አባት፣ ይሄን ክፍል ያዩታል?" አለኝ። "መንደር ነው እኮ። ለአንድ ልጅ ጊዜ ከየት ላምጣ?" እውነቱን ነው፤ በእሱ ብቻ አልፈርድም። ግን "ለስድቡስ ጊዜ ከየት አገኘህ?" አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ ያንኑ የድሮ ዘፈን አመጣ፤ ቤታችን ኦሮምኛ ስለሚነገር ነው፣ አማርኛው አልገባት ብሎ ነው አለኝ። አጠገቧ የሚቀመጠው ገዲሳ ቤቱ አንድ የአማርኛ ቃል አይነገርም፤ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ይህን ስለው "እሱ ጎበዝ ስለሆነ ነው" አለኝ። ይኸውልሽ፤ የሚያነበው ጎበዝ ስለሆነ ነው፣ ጎበዝ የተባለው ስለሚያነብ ነው። በዚህ ክብ ውስጥ የእኛ ልጅ በየት ትግባ?

ምራታችን ደግሞ ጠበል ወሰደቻት። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም ጉልበቴን ይዤ እሄዳለሁ። ተጠምቃ ተመለሰች፣ ጉንፋኗ ለቀቃት፤ ፊደሉ ግን ያው እንደነበረ ጠበቃት።

በመጨረሻ ተሾመ ፍርዱን ሰጠ። አያንቱ ዓመቱ ሲያልቅ ጊንጪ ከተማ፣ የሚስቱ እኅት ሻይ ቤት ትሄዳለች። ብርጭቆ ታጥባለች፣ ሥራ ትለምዳለች፣ ፊደል ለሁሉ አልተሰጠም። ይህን የነገረኝ እንግዳ ፊት እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ስለ ጥጃ ሽያጭ የሚያወራ ይመስላል። "ገና እኮ ልጅ ናት" ስለው "አባዬ፣ አንተስ እስክትሸብት ሳታነብ ኖረህ የለም እንዴ? ምን ጎደለብህ?" አለኝ።

ምን ጎደለብህ አለኝ፣ አስካለ። ለስንት ሰው መቃብር የሰው ስም ቆፍሬ የማን ስም እንደሆነ የነገሩኝን አምኜ የሄድኩ ሰው ነኝ። ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲመጣ ሰው እስካገኝ በኪሴ ይዤው የዞርኩ ሰው ነኝ። ሳላነብ የኖርኩት ስላላገኘሁት ነው እንጂ ስለጠገብኩት ነው? ይህን ሁሉ ነገርኩት። እሱም ቱግ ብሎ "እንግዲያው ከአንተ ነው የወረሰችው" አለኝ። ሊያሳፍረኝ ነው። እኔም "ከእኔ ከወረሰች እልኬንም ወርሳለች፤ አንተ ብቻ ነህ ያልወረስከው" ብዬው ወጣሁ።

ወጥቼ የሄድኩት ወደ ጸዳለ ነው። ያን ጊዜ እግዜር ይይላት ያልኳት ሴት በሯ ላይ ቆሜ እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሷ ቀደመችኝ። "ኦቦ ፈይሳ፣ መቼ ይመጡ ይሆን ስል ነበር" አለች። አያንቱ ትምህርት ቤት የምትውለው ግማሽ ቀን ነው፤ የቀረውን ግማሽ እኔ ይዣት እየሄድኩ ጸዳለ ታስተምራት ጀመር። አዲስ ተአምር የለውም። ያንኑ አንቺ የጀመርሽውን ነው። ቃሉን መቁረጥ፣ ድምፁን መለየት፣ ከዚያ ድምፁን ከፊደሉ ጋር ማጋባት፣ ትንሽ በትንሽ፣ ሳይዘሉ፣ ሳይቆጡ። "በዓይኗ ብቻ አይሁን፣ በእጇም ትያዘው" ስትለኝ ገባኝ። ከድንጋይ ትርፍራፊ መዳፍ የሚያህል እየመረጥኩ በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ ፊደል ቆፈርኩላት። ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጋ እየተከተለች ድምፁን ታወጣለች። አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰለሽ? "አባባ፣ የመጽሐፉ ነ ሳየው ይሸሻል። ያንተ ነ ግን ከባድ ስለሆነ መሸሽ አይችልም።" እኔም እኮ ይህንን ነበር ለዚያ ዘማች መናገር ያቃተኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ስም እናጨብጭብ አልኳት። አ፣ ያን፣ ቱ። ፈይ፣ ሳ። ከዚያ እኔ ሳልላት፣ ብቻዋን፣ አስ፣ ካ፣ ለ አለች። ልክ ሦስት። እኔ ወጥቼ የአህያዋን ማሰሪያ ጠበቅ አደረግሁት፤ አልላላም ነበር።

እንዳላታልልሽ፣ አሁንም ቀርፋፋ ናት። አንድ መስመር ለመውጣት እንደ እኔ ጉልበት ቆም እያለች ነው። የተማረችውን ፊደል በማግስቱ ስታጣው አያለሁ፤ ድንጋዩን ትወረውረዋለች፣ ሄዳ ታነሳዋለች። ግን አሁን የምታነበው ያልሰማችውን ነው። ከቃሏ አይደለም፣ ከገጹ ነው። ያ ልዩነት የሚገባው ያለፈበት ሰው ብቻ ነው።

የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ከጸዳለ ጋር ወደ ዳይሬክተሩ ገባን። ሁለት ጊዜ የወደቀ አይመዘገብም፣ ደንብ ነው አለ። ጸዳለ ያቺን የማትሰማ ድምፅዋን ይዛ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያየችውን ሁሉ ነገረችው፤ ልጅቷ ብትተው የምታጣውን፣ ብትያዝ የምታገኘውን። "እርስዎ የመረጡትን ገጽ ይስጧት" አለችው። ሰጣት። አያንቱ አንድ መስመር አነበበች። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ዳይሬክተሩ መሐል ላይ ሊረዳት አፉን ሲከፍት እኔ ቆይ ብዬ እጄን አነሳሁ። ጨረሰችው። እሱም መነጽሩን አውልቆ አሸት አሸት አደረገና "ለአንድ ዓመት። አባቷ መጥቶ ኃላፊነቱን ይፈርም" አለ።

ተሾመ አልፈርምም አለ። "ሁለት ዓመት የተሳቀብኝ ይበቃኛል" አለ። "የአለቃዬ ልጅ እዚያው ክፍል ነው፤ በየቀኑ 'እንዴት ነች ያቺ ልጅህ?' ይለኛል። ይህን ያህል ከፈለግካት ውሰዳት፣ አንተው አሳድጋት፣ አንተው ፈርምላት።" ወደ ኋላ የምመለስ መስሎት ነው። የወለደውን ሰው እንዴት እስካሁን እንዳላወቀው ይገርመኛል። "አያንቱ፣ ልብስሽን ያዢ" አልኳት። እናቷ አለቀሰች፣ ግን እሷ ናት ነጠላዋን በጥቅሉ ላይ የጨመረችላት። ተሾመ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ፊቱ እንደ ልጅነቱ ሆኖ ነበር፣ ያኔ ዕንቁላል ሰብሮ የቆመ ጊዜ። አልተመለስኩም። ይምጣ፤ ሲመጣ በሩ ክፍት ነው፣ ግን እሱ ነው የሚመጣው።

በማግስቱ አሳዳጊ ሆኜ ልፈርም ሄድኩ። ጸሐፊዋ ገና ሳታየኝ የአሻራውን ቀለም ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። መልሼ ገፋሁላት። ብዕር ስጪኝ አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ ስሜን ጻፍኩ፣ የአባቴንም ጨመርኩ፣ ባይጠይቁኝም የአያቴን።

እንግዲህ አያንቱ አሁን እኛ ቤት ናት። አልጋሽን ሰጠኋት። ከሄድሽ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም አልተኛበትም፤ ማኅበርተኞችሽ እንኳ ጠርዙ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ አስነስቻለሁ። እኔ ወደ መደቡ ወርጃለሁ። የመጀመሪያውን ምሽት ልጅቷ አልጋው አጠገብ ቆማ "አኮ ትቀየመኛለች?" አለችኝ። አያትሽ ያልተቀየመችኝ በብዙ ነገር ነው፣ በዚህ አትቀየምም፣ አልጋው ላይ ውጪ አልኳት። ወጣች። አልጋሽን ሰጠኋት እንጂ አንቺን ለማንም አልሰጠሁም፣ ይህን እወቂልኝ።

ንዴቴ አልበረደም። ይበርዳልም ብለሽ አትጠብቂ፤ በሌሎች ደጃፎች ስንት አያንቱ ብርጭቆ እያጠበች እንዳለች ሳስብ ይብስብኛል። እነዚያን ማን ቀድሞ አዳመጣቸው? ሌላው ሰው ሟቹን በለቅሶ ያስታውሳል። እኔ በየማለዳው ይህችን ልጅ እስከ ትምህርት ቤቱ በር እየሸኘሁ፣ "ዻጋ" የሚላትን ሁሉ በዓይኔ እየለቀምኩ አስታውስሻለሁ። እግሬ እስከቻለ ድረስ ይህን አላቋርጥም።

ይህን ወረቀት አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። አንቺ ዘንድ ይዣት የምመጣበት ቀን አለ፤ ራሷ ቆማ ታነብልሻለች፣ እኔ አልረዳትም። ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። አንቺ እንደሆን የምትሄጂበት የለሽም፤ እስክትጨርስ ጠብቂያት።

ባልሽ ፈይሳ